በይሉኝታ የተዋጠ ክኒን

አባቴ ሽምግልና ላይ ተቀምጠው አንቀላፉ። ሕመሙን ያወቅነው በዚህ ነው። ሱሉልታ ውስጥ ኦቦ ደበላን የማያውቅ የለም፤ የድንበር ጠብ ይሁን የባልና ሚስት ኩርፊያ፣ እሳቸው ካልተቀመጡበት አይበርድም። የዚያን ቀን ሁለት ጎረቤታሞች በውሃ መውረጃ ቦይ ተጣልተው አንደኛው እያስረዳ ሳለ፣ የአባቴ አገጭ ደረታቸው ላይ ወደቀ። ሲቀሰቅሷቸው «እሺ፣ ሠርጉ መቼ ነው?» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔ ወሬው ሲደርሰኝ አልሳቅኩም። አባቴ ሰው የነገራቸውን የሚያምታቱ ሰው አልነበሩም።

እኔ ቡራዩ ጨርቅ እነግዳለሁ፤ ወንድሜ ቶሎሳ ሰበታ ፋብሪካ ይሠራል። እናታችን ካረፉ ወዲህ አባቴ ከሁለት ላሞቻቸው ጋር ብቻቸውን ናቸው። ሱቄን ዘግቼ ስሄድ፣ አፋቸው ደርቆ ምላሳቸው እየተጣበቀ ያወራሉ። ሲነሡ ይንገዳገዳሉ። አጥሩ ጋ ቆመው ከሌለ ሰው ጋር ይነጋገራሉ። ዞር ብለው አዩኝ።

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ።

ዘመድ ሁሉ ፍርዱን ሰጠ፤ ጃጅተዋል። እሑድ እንሰብሰብ፣ ላሞቹ ይሸጡ፣ ቤቱ ይዘጋ፣ እሳቸውም ወደ ቡራዩ ይወሰዱ ተባለ። ቶሎሳ እንኳ «እህቴ፣ እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል?» አለኝ። እኔ ደግሞ ስናደድ አፌ አያርፍም። «ባለፈው ወር ሰው ሲያስታርቁ የነበሩ ሰው ናቸው! እርጅና በባጃጅ ነው እንዴ የሚመጣው?» አልኩት። አባቴን ከቤታቸውና ከከብቶቻቸው መንቀል በቁማቸው መቅበር ማለት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሆዳቸው ከእምብርት በታች ተወጥሮ፣ ላብ አጥምቋቸው አገኘኋቸው። የአልጋውን ጠርዝ ጨብጠዋል። ከቶሎሳ ጋር ይዘናቸው ሆስፒታል ሄድን።

ሐኪሟ ወጣት ናት። «አባ፣ አከም ጅርቱ?» ብላ በኦሮምኛ ደኅንነታቸውን ጠይቃ እጃቸውን ያዘችና እኛን አስወጣችን። እኛ ቤት አንቱ የሚባልን ሰው «ሽንት ይመጣልዎታል?» ብሎ መጠየቅ የለም፤ ነውር ነው። እሷ ጠየቀች። ከትናንት ጀምሮ ጠብ አላለም። ወዲያው ካቴተር፣ የሽንት ማውጫ ቱቦ፣ ገባላቸው። ሲቀላቸው የለቀቁት ትንፋሽ ከበሩ ውጭ ድረስ ተሰማን።

«ፕሮስቴታቸው፣ ፊኛ ሥር ያለው የወንዶች ዕጢ፣ በዕድሜ አድጓል፤ መደናገሩን ግን እሱ ብቻ አያመጣውም። ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» አለችን።

«ምንም፤ ያው ለማሳከክ እኔ የገዛሁላቸው ብቻ» አልኩ።

«ቤት ያለውን ሁሉ በፌስታል አምጡልኝ።»

ቶሎሳ ሄዶ ከትራሳቸው ሥር ያገኘውን አመጣ። ገላቸው ሽፍ ብሎ ሲያሳክካቸው እኔ ከፋርማሲ የገዛሁት ክሎርፌኒራሚን። ጉንፋን ሲይዛቸው ቶሎሳ ራሱ ያመጣላቸው የጉንፋን ክኒን። ጎረቤታችን ባለሱቁ ሐጂ ከድር ሊጠይቋቸው ሲመጡ የያዙላቸው የሳል ሽሮፕ። ሐኪሟ የሦስቱንም ጽሑፍ አነበበች።

«ሦስቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው» አለች። «ውስጣቸው ያለው አንቲሂስታሚን የሚባል የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ የሚያስተኛው ዓይነት። በእሳቸው ዕድሜ አንዱም ይከብዳል። ሲደራረብ አእምሮ ያደናግራል፣ አፍ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል። ሌላ ምክንያት እንዳይኖር ደማቸውን እንመረምራለን። ይሄን ግን ከዛሬ ጀምሮ እናቆማለን።»

ሦስቱንም ለምን ዋጡ? ሲሻላቸው ጠየቅኳቸው። «ሐጂ በዚህ ብርድ ይዞልኝ መጥቶ፣ ልጄ ሰጥታኛለች ልበለው? ቶሎሳስ ቅር አይለውም?» አሉኝ። የእኔን ጠዋት፣ የቶሎሳን ቀን፣ የሐጂን ማታ፤ ማንም እንዳይከፋ ለሁላችንም እኩል ሲያዳርሱ ነበር ለካ! ይሉኝታ ሰው ይጎዳል ሲባል እሰማ ነበር፤ በክኒን መልክ እንደሚዋጥ ግን አላውቅም ነበር።

ክኒኖቹ ከቆሙ በኋላ አባቴ ከሩቅ አገር እንደሚመለስ መንገደኛ ቀስ በቀስ መጡልን፤ መጀመሪያ ያሉበትን ቦታ ጠየቁ፣ ቀጥሎ የቶሎሳን ፀጉር አይተው «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት አቆራረጥ ነው?» ብለው ተቆጡት፣ ከዚያም አንድ ረፋድ ላይ «ጫልቱ፣ ላሞቹን ማን እያለበ ነው?» ሲሉኝ እጃቸው ላይ ተደፍቼ ስስቅም ሳለቅስም ቆየሁ። ካቴተሩ ወጥቶ በራሳቸው ሲሸኑ «ገለታ ዋቃ!» ብለው ፈጣሪን አመሰገኑ፤ እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት፣ ነርሷም «ማን ወለደ?» እያለች ሮጣ መጣች። ለሽንት እልል ያልኩ የመጀመሪያዋ ሴት ሳልሆን አልቀርም፤ አላፍርበትም። ማሳከኩን ሐኪሟ በቅባትና እንቅልፍ በማያበዛ ሌላ መድኃኒት አስታገሰችው፤ ለፕሮስቴቱም ክትትል ጀመሩ።

እንዲህ ያለ ነገር ቤታችሁ ከገባ ከእኔ ስሙ። አዛውንት በድንገት ከተደናገሩ «ጃጁ» ብላችሁ አትቀመጡ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው፣ የሚወስዱትንም ሁሉ፣ ጎረቤት ያመጣው እንኳ ቢሆን፣ ይዛችሁ ሂዱ። ፋርማሲ ስትገቡ «ለማሳከክ ስጡኝ» ብቻ አትበሉ፤ ለማን እንደሆነ፣ ዕድሜውን፣ የፕሮስቴት ወይም ግላኮማ የሚባለው የዓይን ግፊት ሕመም ካለበት፣ ሌላም የሚወስደው ካለ ተናገሩ፣ «ያስተኛል ወይ?» ብላችሁም ጠይቁ። የሚያስተኛውን የወሰደ ሰው መኪና አይነዳም፣ ማሽን ላይ አይቆምም፣ አረቄም አይቀምስም። ልጅ እንዲተኛላችሁ ብላችሁማ እንዳትሰጡ፣ በፈጣሪ! መድኃኒቱ ክፉ አይደለም፤ ስንቱን ከማሳከክ አሳርፏል። ሳይጠየቅበት ሲዋጥ ነው የሚከፋው። ያቺን ሐኪም ደግሞ እግዜር ያክብርልኝ፤ እኛ ያፈርንበትን ጠይቃ አባቴን መለሰችልኝ።

የእሑዱ ስብሰባ የቀረ እንዳይመስላችሁ። ከሆስፒታል ወጥተን ከሚኒባስ ስንወርድ፣ መዳናቸውን ያልሰማ ዘመድ ሁሉ ግቢያችን ውስጥ ተሰብስቧል፤ የላም ገዢው እንኳ ገመዱን ይዞ ቆሟል። አጎቴ «እንግዲህ የደበላ ነገር አልቋል» እያሉ ነበር። አባቴ ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ። ሰው ሁሉ ብድግ አለ። መሃል ላይ ያለውን ወንበር ሳብ አድርገው ተቀመጡና ዙሪያውን አንድ በአንድ አዩት።

«የተሰበሰባችሁት ስለ እኔ ከሆነ፣ ሰብሳቢው እኔ ነኝ» አሉ። «በሉ፣ ከሳሽ ይናገር።»

የላም ገዢው ገመዱን ጠቅልሎ ወጣ።