ቀስ ብሎም የሚዘል መስመር

በስኳር ፋብሪካው ውስጥ እንደ እሷ ተጸያፊ አልነበረም። ወንበር ሳትወለውል አትቀመጥም፤ በሰው ብርጭቆ ከምትጠጣ ጥሟን ትችላለች። «እፍ እፍ» የሚሏት ለዚህ ነው። ሥራዋ ግን ጠባይዋን የሚያውቅ ሰው የመረጠላት ይመስላል፤ መብራት የሚያመነጨውን ተርባይን ሴንሰሮች ትጠብቃለች። አውራ ጣት የምታህለው ሴንሰር ከሚሽከረከረው የብረት ዘንግ፣ ከሻፍቱ፣ የጥፍር ውፍረት ያህል ርቃ ትቆማለች። ብረቱን ሳትነካ፣ ሲጠጋና ሲሸሽ አይታ ስክሪን ላይ በመስመር ታሳያለች።

ከትልቁ ጥገና ወዲህ ያ መስመር ይዘል ጀመር። የጥገናው አለቃ፣ ያውም ሥራ ያስገባት የገዛ አጎቷ፣ ጥፋቱን በጋሼ ኩሽኔታ ላይ አላከከ። ጋሼ ሻፍቱ የሚያርፍባቸውን ኩሽኔታዎች ሲገጥሙ ያረጁ ሰው ናቸው። «አገጣጠማቸው ነው ሻፍቱን የሚያንቀጠቅጠው» ተባለ፤ ሥራ አስኪያጁም ሊያሰናብታቸው ቆረጠ።

ማሽኑ ለጽዳት በቆመ ቀን እሷ ሻፍቱን በቀስታ አስዞረችውና ስክሪኑን አየች። መስመሩ ያው ይዘላል። እንደ ኤሊ የሚዞር ብረት ምን ያንቀጠቅጠዋል? ጥፋቱ የኩሽኔታው አይደለም፤ ሻፍቱ ገላ ላይ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

የሻፍቱን ክዳን አስከፈተች። የበሰበሰ ዘይት ሽታ አፍንጫዋን መታው፤ ዝቃጩ ላይ ደግሞ የሞተ አይጥ።

«ኧረ እቴ!» አለች ፊቷን አዙራ።

«ተይው ልጄ፣ እኔ ልግባልሽ» አሏት ጋሼ።

«አይሆንም ጋሼ፤ እርስዎ ከነኩት በኋላ ማን ያምነናል?»

ጣቷ እንዲለይላት ጓንቷን አወለቀች፤ እጇን እስከ ክርኗ ሰደደች። ጋሼ ሻፍቱን በእጅ ቀስ እያሉ ሲያዞሩላት፣ ልክ ሴንሰሯ ሥር ጣቷ ጎድጎድ ያለ ነገር አገኘ። ጠርጋ በባትሪ ብታየው በመሮ የተቀረጸ ስም ነው፤ የአጎቷ ስም፣ ከነአባቱ! ጎድጓዳው ሴንሰሯ ሥር ባለፈ ቁጥር ሻፍቱ የሸሸ ይመስላትና መስመሩን ታዘልለዋለች።

አጎቷን ወደ ጥግ ጠራችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እና? ጥገናውን የመራሁት እኔ አይደለሁ? ስም ቢጻፍበት ብረቱን ያመዋል?»

«ጋሼን ሊያባርሯቸው እኮ ነው!»

«ድሮም ደክመዋል። ክዳኑን ግጠሚ። ባጎረስኩ እጄን ልነከስ እንዴ?»

ምራቋ መረራት። ክዳኑን እንደተከፈተ ትታ ሥራ አስኪያጁን ጠራችው።

ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብሎ አነበበ። አጎቷ ዓይኑን በጨው አጥቦ «የሚጠላኝ ሰው ነው የጻፈው። እዚህ ጋ ብቻቸውን ሲሠሩ የነበሩት ጋሼ ናቸው» አለ።

ጋሼ ዘይታም አውራ ጣታቸውን አነሡ። «እኔ? ደመወዜን በዚህች ፈርሜ የምወስደው ሰውዬ? ፊደል ብቆጥርማ የራሴን ስም ነበር የምጽፍ፤ የአንተን ምን ቆርጦኝ!»

ሊያይ የተሰበሰበው ሠራተኛ በሳቅ ፈረሰ። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቀም። «ጋሼ፣ እርስዎ ወደ ሥራዎ» አለ፤ አጎቷን በጣቱ ጠርቶ ወደ ቢሮ ይዞት ሄደ።

ማታ ቤት ስትገባ እናቷ ፊቷን አጥቁራ ጠበቀቻት። «ወንድሜ እያለቀሰ ደወለልኝ። እሁድ ምሳ እኛ ጋ ነው፤ ይቅርታ ትጠይቂዋለሽ።»

«ይምጣ፣ እማዬ። እኔ ሌላ ቦታ እበላለሁ።»

«ሥጋሽ እኮ ነው!»

«ሽማግሌ ፊት ቆሞ ሲዋሽ አይቼዋለሁ። እሱ ፊት እህል አይወርድልኝም።»