ሥር የሌላት ዛፍ

አበባ ሻጯ ዘንድ ከእኔ ቀድመው የገቡት ሽማግሌ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በኢንተርኔት የገዟትን ቦንሳይ፣ ያቺን ድንክ ዛፍ፣ ከነሸክላዋ በአንገት ልብሳቸው ጠቅልለው አቅፈዋታል።

«ውሃ አላጓደልኩባትም፤ ግን ደረቀችብኝ» አሉ።

ሻጯ ግንዷን ሳብ ብታደርገው ሥር የሌለው ቅርንጫፍ ሆኖ እጇ ላይ ቀረ። «አባባ፣ ቆርጠው ነው የሰኩልዎት።»

«የሸጠልኝ ሰውዬ በስልክ ‹አባቴ፣ ከእርስዎ በኋላም ትኖራለች› ብሎኝ ነበርኮ! ለልጄ ትቻት ልሄድ ነበር።» አሉ።

ሻጯ አንጀቷ አልችል ብሎ አንዲት ለምለም ችግኝ በነፃ ሰጠቻቸው። መርቀው ተቀበሏት። ወዲያው ግን ግንዷን በሁለት ጣታቸው ይዘው ነቀሏት፤ ነጭ ሥሯ ከነአፈሩ ተንጠለጠለ።

«ይቅርታ፣ ልጄ» አሉ አፍረው፤ «ሳላይ ማመን አቃተኝ።»