በጎን የሣልሁት ሰው

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ከደባርቅ ደወለችልኝ። ኮሚክ ትሠራለች፤ ስልኳ ላይ ነው የምትሥለው፣ በጣቷ። «አክስቴ፣ ስድስተኛው ገጽ ላይ ከቆምሁ ሁለት ሳምንቴ ነው። አንቺ እንዲህ ሲሆንብሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሥዕል ያስተማርሁ ሰው ስለሆንሁ መልስ ይጠፋታል ብላ አላሰበችም። «መልሼ ልደውልልሽ» ብዬ ዘጋሁት። እውነቱን ለመናገር የምላት ጠፍቶኝ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ክፉኛ ቆሜ ነበር፤ እንዴት እንደተነሣሁ ግን ዛሬም በቅጡ አልገባኝም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስሁበት ክረምት ነው። ደባርቅን በክረምት ያላየ ሰው ብርድ አውቃለሁ ቢለኝ አላምነውም። ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ በር ላይ ይቆማል፤ ጋቢ ተከናንበው እንኳ ጣት አይታዘዝም። እኔ ያን ጣት ይዤ ሥዕላዊ ታሪክ እሠራ ነበር። አዲስ አበባ ወደሚገኝ የሥዕል ትምህርት ቤት ለመግባት አንድ ያለቀ ሥራ ይዞ መቅረብ ግዴታ ነበር። አባቴ መምህር ነበሩ፤ ሥዕልን እንደ ሥራ አይቆጥሩትም። አንድ ቀን ጠርተውኝ «ለመሆኑ ጀምረሽ የጨረስሽው ነገር አለ?» አሉኝ። ምን ልበል? ሹራብ ጀምሬ ትቻለሁ፤ ክራር ጀምሬ ትቻለሁ። «እንግዲያው ይህን ጨርሰሽ አሳዪኝ። ካለቀ እልክሻለሁ። ሳያልቅ መስከረም ከጠባ ግን ጎንደር ወርደሽ መምህርነት ትማሪያለሽ። በቃ።»

ታሪኩ ቀላል ነው፤ ቢያንስ ቀላል መስሎኝ ነበር። ከተራራው ሥር ባለች መንደር የወፍጮ ቤቱ ቺንጋ፣ ድንጋዩን ከሞተሩ ጋር የሚያዞረው ቀበቶ፣ ይጠፋል። ቺንጋ ከሌለ ሞተሩ ቢጮህም ድንጋዩ አይዞርም፤ መንደሩ ያለ ዱቄት ይቀራል። ሌባው ማን ነው? ሦስት ሰዎች ይጠረጠራሉ፦ የወፍጮው ባለቤት ወንድም፣ ባለሱቋ ሴትዮ፣ እና ከበየዳ ጭነት የሚያመላልስ ደሳለኝ የሚባል በቅሎ ነጂ። ደሳለኝን እወደው ነበር። ሰው ነገር ውስጥ የማይገባ፣ ዝምተኛ፣ ለበቅሎው ከራሱ በፊት ውኃ የሚፈልግ ሰው አድርጌ ነው የሠራሁት።

አሥራ አራት ገጽ በሁለት ሳምንት ሄደልኝ። ከዚያ ድርቅ አለ። ሌባውን ራሴ አላውቀውም! ወንድምየውን ላድርገው እላለሁ፤ ሰርቆ ምን ሊጠቀም? ሴትዮዋን ላድርጋት እላለሁ፤ ታሳዝነኛለች። ደሳለኝን ሳስብ ደግሞ ልቤ እምቢ ይላል። ወረቀቱ ላይ ሳጥን አሰምራለሁ፣ ሳጥኑን አያለሁ፣ እነሣና የገብስ ቆሎ እዘግናለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ነሐሴ ተጋመሰ። ቅጥ አምባሩ ጠፋኝ። እናቴ መቆሚያ መቀመጫ ማጣቴን አይታ «ወይ ሥሪ፣ ወይ ተኚ፣ ወይ ከፊቴ ዞር በይ!» አለችና ለእህቷ ድንች አድርሺ ብላ ወደ ዳባት ላከችኝ። ገላገለችኝ። ገጾቹን በፌስታል ጠቅልዬ ይዤ ወጣሁ።

አክስቴ እቴቴ ብርቄ ፊደል አልቆጠሩም። ካመጣሁት ድንች ላይ ቀቅለው በሚጥሚጣ አቀረቡልኝና፣ እጃቸውን ጠራርገው ገጾቹን አንድ በአንድ ያዩ ጀመር። አይቸኩሉም። አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርሱ ሳቅ አሉና ጣታቸውን ደሳለኝ ላይ አሳረፉ።

«ሌባው ይሄ ነዋ!»

«ኧረ እቴቴ! እሱ እኮ ደጉ ሰው ነው!»

«ደግ ከሆነ ምነው በአንድ ዓይን አስቀረሽው? ያውም በየገጹ!»

ገጾቹን ተቀብዬ ከመጀመሪያው አየኋቸው፤ እውነታቸውን ነው። የእኛ አገር ሰው ሥዕል ማየት የሚማረው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። እዚያ ግድግዳ ላይ ቅዱሳኑ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ያዩሃል፤ ሰይጣን፣ ይሁዳና ገራፊዎቹ ግን በጎን ነው የሚሣሉት፣ አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚታያቸው። የእኔ ደሳለኝ ደግሞ ሁልጊዜ መንገደኛ ነው፤ በቅሎውን እየሳበ ከገጹ ግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። በጎን ሣልሁት። ለነገሩ በጎን መሣል ይቀላል፣ ግማሽ ፊት ነው። እኔም እኮ ያደግሁት እዚያው ግድግዳ ሥር ነው! እንዴት አላየሁትም? እንጃ።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከአጠገቤ የአምባ ጊዮርጊስ እህል ነጋዴ ተቀምጦ ነበር። የተማረ ይመስላል፤ ጋዜጣ ይዟል። አውጥቼ አሳየሁት። «ይሄ በቅሎ ነጂ አላማረኝም» አለ ወዲያው። ለምን ስለው ትከሻውን ነቀነቀ፤ «እንጃ፣ ዓይኑን የሚደብቅ ነገር ነው።» ተናደድሁ። አሥራ አራቱንም ገጽ እንደገና ልሥል? ለዚያ ጊዜ የለም። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል፣ መኪናው ጭቃው ላይ ይንሸራተታል፣ እኔን አልቅሺ አልቅሺ ይለኛል። ደባርቅ ልንገባ ስንል ነው አንድ ነገር ብልጭ ያለልኝ፦ እቴቴ እንዲህ ካሉ፣ ነጋዴውም እንዲህ ካለ፣ በታሪኬ ውስጥ ያለው የመንደሩ ሰውስ ምን ይላል?

በማግስቱ ጠዋት አሥራ አምስተኛውን ገጽ ጀመርሁ። መንደሩ በሙሉ ደሳለኝ ላይ ተነሣ። ማንም ማስረጃ የለውም፤ ሁሉም ግን እርግጠኛ ነው። እስከ አሥራ ዘጠነኛው እጄን የሚይዘኝ አልነበረም። በሃያኛው ገጽ ደሳለኝ በቅሎውን አቁሞ ይዞራል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ያየናል። «እኔ አልወሰድሁም» ይላል።

መጨረሻው ይህ እንደሆነ ታወቀኝ፤ ፊቱን ግን አላውቀውም። ብሥለው ብሥለው ሳህን ላይ የተቀመጡ ሁለት ባቄላዎች ይሆንብኛል። መስከረም ሊጠባ አራት ቀን ቀርቶታል። ጨንቆኝ በጠዋት አባቴ ዘንድ ሄድሁ። እንደ ልማዳቸው መስኮቱ ሥር፣ ወደ ብርሃኑ ዞረው ያነባሉ።

«አባባ፣ ትንሽ ወደ እኔ ዞረው ይቀመጡልኝ?»

«ሌባ ልታደርጊኝ ነው?»

«ሌባ የተባለ ሰው ነው።»

መጽሐፉን ከደኑት። ወንበራቸውን ራሳቸው አዙረው ተቀመጡ። በሕይወቴ ያን ያህል አይቻቸው አላውቅም፤ ከአባቴ ጋር ስናወራ ሁልጊዜ አንዳችን ሌላ ነገር እያየን ነው። መጀመሪያ አፈርሁ። ቆይቶ ግን እርሳሴን ይዤ ዓይናቸውን ማየት ጀመርሁ። ዓይናቸው ውስጥ ያለው ቁጣ አይደለም፣ ድካምም አይደለም፤ ፍርሃት ነው። አባቴ ምን ያስፈራቸዋል? ግራ ቢገባኝም እጄ አልቆመም፤ ያየሁትን ሣልሁ።

በሦስተኛው ቀን ሃያውን ገጽ አስረከብኋቸው። ቀስ ብለው አነበቡት። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን ገለበጡት፤ ጀርባው ባዶ ነው።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«ታዲያ ቺንጋውን ማን ወሰደው?»

«አላውቅም፣ አባባ።»

አበቃልኝ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ደሳለኝን ብዙ አዩትና «በዚህ ዓይን እያየኝ ምን ብዬ ልጠይቀው» አሉ። ገጾቹን መልሰውልኝ «ልብስሽን አሰናጂ» ብለው ወጡ። በደስታ ዘለልሁ፤ የት እንደሄዱ እንኳ አላየሁም።

አባቴ ካረፉ ቆይተዋል። እናቴ ባለፈው ክረምት ድንገት ስለዚያ ዘመን አነሣች። «ያኔ አባትሽ ፍልሰታን ሲያስቀድሱ ምን ብለው ይለምኑ እንደነበር ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «እንዳትጨርሰው ነበር የሚሉት። እሷ ከሄደች ከማን ጋር አወራለሁ ይሉ ነበር። ጨርሺ ያሉሽም እኮ እንደማትጨርሺ እርግጠኛ ስለሆኑ ነው።»

ለእህቴ ልጅ እስካሁን አልደወልሁላትም። ምን ልበላት? ሰው አሳዪው ልበላት? የምታውቂውን ሰው ፊት ለፊት እዪው ልበላት? አሁን እንኳ ሳስበው ይምታታብኛል። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንዳልጨርስ ሲለምኑ የከረሙት አባቴ፣ እንድጨርስ ስለምናቸው ጠዋቱን ሙሉ ሳይነቃነቁ ተቀመጡልኝ።