መርማሪዋና የወንድሟ ማደንዘዣ

የማደንዘዣ ባለሙያችንን «መርማሪዋ» እንላታለን። በሽተኛውን ገና ሰላም ሳትል «ዛሬ ሌላ ቦታ መርፌ ተወግተሃል? የት? ምን?» ብላ ታፋጥጠዋለች። ፖሊስ ጣቢያ ብትቀጠር ኖሮ እስር ቤቱ በሞላ ነበር እያልን እንስቅባታለን። እሷ ግድም የላት። እኔ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ አቀባይዋ ግን እሷ በሌለችበት ቀን ሥራ መግባት አልወድም።

አንድ ቀን ታላቅ ወንድሟ መጣ። አናጢ ነው፤ መጋዝ መዳፉን ቀዶ የጣቱን ጅማት በጥሶበታል። እንደ ልማዷ አፋጠጠችው።

«የትም አልተወጋሁም አንቺ ልጅ፣ እመኚኝ እንጂ» አላት።

ዋሽቷል። የሰፈሩ ክሊኒክ ቁስሉን ሲያጥብለት በደንብ አደንዝዞታል። ይህን ካወቀች ማደንዘዣውን ትቀንስብኛለች ብሎ ፈርቶ ነው። መዶሻ ጣቱ ላይ ሲያርፍ ስቆ የሚያልፍ ሰው የሐኪም መርፌና ክር ሲያይ ይርበተበታል።

እሷም አምናው እጁን አደነዘዘችው፤ ጅማቱ ተሰፋ። ሐኪሙ «እስቲ ጣትህን እጠፍ» ሲለው ታጠፈ። ቆዳውን መስፋት ሲጀምር ግን ወንድሟ ጮኸ።

«ሌላኛውን ዓይነት ማደንዘዣ ልጨምርለት? እሱን ገና አልነካነውም» አለ ሐኪሙ። መርፌውን ሞልቼ አቀበልኩት።

ይኼኔ ሰውዬው «ከንፈሬን ይነዝረኛል፤ ጆሮዬም ይጮህብኛል» አለ።

«ቆይ» አለችው ሐኪሙን። ለወንድሟ ኦክስጅን አደረገችለት፤ ዓይኗን ከልብ ምቱ ሞኒተር ላይ ሳትነቅል «ወንድም ጋሼ፣ የት ነው የተወጋኸው?» አለችው።

«ሰፈር ክሊኒክ… ትንሽዬ ነገር።»

ሐኪሙ የያዘውን መርፌ አስቀመጠ።

«የነሱ መድኃኒት ከኛው የተለየ ሊሆን ይችላል እኮ» አልኩ እኔ።

«ዓይነቱ ቢለያይም ልቡ አንድ ነው» አለች። «አንዱ በሌላው ላይ ይደመራል። ለየብቻቸው ልክ የሆኑት አንድ ላይ ሲሆኑ ልብ ያቆማሉ።»

ቁስሉን ሸፍነን የከንፈሩ ንዝረት እስኪተወው ጠበቅን። ከዚያ የቀረውን ስፌት ያለ ተጨማሪ ማደንዘዣ ጨረስነው፤ እሷ ደህናውን እጁን ይዛ።

«ጨምሪልኝ፣ እባክሽ።»

«አልጨምርም።»

«የእናቴ ልጅ አይደለሽም።»

«እሺ።»

እኔ ብሆን ሆዴ አይችልም ነበር። የገዛ ወንድም እየለመነ እምቢ ማለት ምን ዓይነት ፍቅር እንደሚጠይቅ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ሲያልቅ ላብ በላብ ሆኖ ቀና አለና «እንዳንቺ ያለ ጨካኝ አላየሁም» አላት።

«ነገም መጥተህ ስደበኝ» አለችው፤ እንባዋ ጭምብሏ ውስጥ ገባ።