የፎዚያ ፍሪጅና የኦቦ ጫምሳ ሩዝ

ዓለም ጤና ዋናው መንገድ ላይ፣ ከባጃጅ ተራው ፊት ለፊት የፎዚያ ሱቅ አለ። ሰፊ አይደለም። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የሞባይል ካርድ፤ ከዚያ ደግሞ ፍሪጁ። አሮጌ ፍሪጅ ነው፤ ከአዳማ ገዝታ ካመጣችው በኋላ የበሩን ጎማ አስቀይራ፣ መብራት ሲዋዥቅ እንዳይቃጠል ማረጋጊያ አስገጥማለታለች። መብራት ቢጠፋም በሩ ካልተከፈተ ግማሽ ቀን ብርዱን ይይዛል። ለዚህ ነው የሰፈሩ የስኳር በሽተኛ ሁሉ መርፌውን እሷ ጋ የሚያስቀምጠው። የማንም መርፌ ተበላሽቶ አያውቅም። ባሏ ከሞተ በኋላ ልጇን ሃፍሳን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት፤ «ፎዚያ ጋ የተቀመጠ አይጠፋም» ሲባል መስማት ትወዳለች።

ስለዚህ ሊዲ የምትባል፣ ከአዳማ የምትመላለስ የግብርና ባለሙያ፣ ሰኔ ላይ አንድ ካርቶን ጥቁር ዱቄት ይዛ ስትመጣ ሌላ ሰው አልጠየቀችም። ዱቄቱ ለኦቦ ጫምሳ ነው። ኦቦ ጫምሳ የሽንኩርት ገበሬ ነበሩ። ወንዝ ዳር ያለው መሬታቸው ውሃ እየተኛበት ሽንኩርቱ ሲበሰብስባቸው ሩዝ ሞከሩ። ሩዙ አማረ። ሲመረመር ግን እርሳስና ካድሚየም የሚባሉ መርዛማ ብረቶች ተገኙበት። ውሃው ከላይ ከየከተማው የሚታጠበውን ሁሉ ይዞ ይወርዳል፤ ከባዶቹ ብረቶች አፈሩ ላይ ይቀራሉ፤ ሩዙ በሥሩ ስቦ ወደ ፍሬው ያስገባቸዋል። አይታዩም፣ አይሸቱም። ሊዲ «ይህ አይበላም» ስትላቸው ያን ሁሉ ምርት ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት።

«ይሄኛው ማዳበሪያ ነው፤ ግን ሕይወት አለው» አለች ሊዲ ሱቁ ውስጥ ቆማ። «በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። ችግኙ ሥሩ ተነክሮባቸው ሲተከል እዚያው ሥሩ ዙሪያ ይሰፍራሉ፤ ብረቱን አፈሩ ላይ ይዘው ያስቀሩታል።»

«ሁሉንም?» አሉ ኦቦ ጫምሳ።

«ሁሉንም አይደለም። ምን ያህል እንደቀነሰ ምርመራው ይነግረናል፤ እስከዚያ ማንም እንዳይቀምሰው።» ወደ ፎዚያ ዞረች። «እትዬ ፎዚያ፣ ሙቀት ከነካቸው ይሞታሉ። መሞታቸው ደግሞ አያስታውቅም፤ ዱቄቱ ያው ጥቁር ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ የሰው ነፍስ ነው የማስቀምጠው። ለትል ነው የምታስጠነቅቂኝ?»

ኦቦ ጫምሳ ሳቁ። ካርቶኑ ከመሀለኛው መደርደሪያ ገባ።

ችግኙ ሊተከል ሲል፣ እሑድ ዕለት፣ ሃፍሳን ለልጃቸው ለዛኪር ሊጠይቁ የነአደ ሩቂያ ቤተሰብ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ጥቂት ሰው ይመጣል የተባለው ቤቱን ሞላው። ዝናቡ ዘግይቷል፤ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያንጫጫዋል። በዚያ ሙቀት አማቾቿ ለሚሆኑ ሰዎች የሞቀ ለስላሳ ማቅረብ ፎዚያ ልታስበው የምትችለው ነገር አልነበረም። መርፌዎቹ የፍሪጁ በር ላይ ስለሆኑ አልነካቻቸውም። ካርቶኑን ግን አወጣችው፤ ጓዳ ወስዳ ከቆርቆሮው ሥር የዘይት ጀሪካኑ ላይ አስቀመጠችው። ለስላሳው እስኪቀዘቅዝ ብቻ ብላ።

ዱዓው ረዘመ፣ ምሳው ረዘመ፣ የቀን ቆረጣው ክርክር ከሁሉም በላይ ረዘመ። እንግዶቹን ሸኝታ ጓዳ ስትገባ ፀሐይ ጠልቃለች። እሽጎቹን ነካቻቸው። ከዳቦ ቤት አሁን የወጣ ዳቦ ነው የሚመስሉት። መልሳ ከተተቻቸውና የፍሪጁን በር ገጥማ ዘጋች።

በነጋታው ሊዲ አንዱን እሽግ ጉንጯ ላይ አደረገችው። «በረዶ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ፎዚያ ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። ኦቦ ጫምሳ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው በሩ ላይ ቆመዋል። ከውጭ ጋሪው ላይ የተነቀለው ችግኝ ውሃ ያንጠባጥባል። ሌላ ዱቄት እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል፤ የተነቀለ ችግኝ ደግሞ ሳምንት አይቆይም። ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ አሰበችው። ከሱ አስቀድማ ያሰበችው ግን ስሟን ነው። አፏን ዘጋች። የተወሰነው ተርፎ ይሆናል አለች ለራሷ።

ከዚያ በኋላ ፍሪጁ ላይ ቁልፍ አስገጠመች። ሰዉ ሌባ የፈራች መሰለው። ኦቦ ጫምሳን ባየቻቸው ቁጥር «ሩዙ እንዴት ነው?» ትላለች። «አምሮበታል፤ ለምን መጥተሽ አታዪውም?» ይሏታል። እሺ ትላለች፤ አንድ ቀንም አልሄደችም።

ኅዳር ላይ ሩዙ ታጨደ። ሊዲ ናሙና ወሰደች፤ የምርመራው ወረፋ ግን ረዘመ። ኦቦ ጫምሳ መጠበቅ አልሆነላቸውም። አጨዳ ላገዟቸው ሰዎች ከአዲሱ ሩዝ ትንሽ ትንሽ አደሏቸው። ለፎዚያ ደግሞ ራሳቸው አንድ ከረጢት በትከሻቸው ይዘው መጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡላት።

«ፍሪጅሽ ባይኖር ይሄ ሩዝ የት ይገኝ ነበር? እንኪ።»

«ምርመራው መጣ?»

«ይመጣል። መድኃኒቱን እንደሆነ አግኝቷል። ኤቢሴ መብላት ከጀመረች ሳምንት ሆናት፤ በወተት እየተቀቀለላት ነው።» ኤቢሴ አባቷ ቤት የምትታረስ ልጃቸው ናት። «ሌላ እህል አልወርድላት ብሎ ነበር፤ አሁን ጡቷም ሞልቷል።»

የፎዚያ እጅ ከረጢቱ ላይ ቀረ።

«ኦቦ ጫምሳ፣ እስቲ ይቀመጡ።»

«ፈረሱን ፀሐይ ላይ ነው ያቆምኩት።»

«ይቀመጡ።»

ባዶ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጡ።

«ዱቄቱን አውጥቼው ነበር» አለች። «ሃፍሳን ሊጠይቁ የመጡ ለታ፣ ለስላሳ ላቀዘቅዝ ብዬ። ጓዳ ረሳሁት። ሳገኘው ግሏል። መልሼ ከተትኩት።»

«ሊዲ ስትነካው ቀዝቃዛ ነበር እኮ።»

«ሲያድር ቀዝቅዞ ነው።»

ኦቦ ጫምሳ ከረጢቱን አዩት። «ያኔ ብትነግሪኝስ?»

«ችግኙ ተነቅሎ ስለነበር...» አለችና ተወችው። «ስሜን ፈርቼ ነው።»

ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። «ኤቢሴ፣ ድስቱን አውርጂው። ሩዙን ነዋ። አውርጂ አልኩሽ፤ ስመጣ እነግርሻለሁ።» ቀጥለው ሊዲ ጋ ደውለው ስልኩን ለፎዚያ ሰጧት። «ለሷ አንቺ ንገሪያት።»

ነገረቻት። ሊዲ አንድ ባንድ ተናገረች፦ የታደለው ሁሉ ይሰብሰብ፣ ለዶሮም እንዳይሰጥ፣ ኤቢሴ ነገ ጤና ጣቢያ ሄዳ የበላችውን ትንገር። «ምናልባት ደህና ይሆናል» አለች። «ምናልባት። ይህን ቃል ላለመናገር ነበር እኮ ያን ሁሉ የለፋነው።»

ፎዚያ ሱቁን ዘግታ ጋሪው ላይ ወጣች። የመጀመሪያው በር ላይ ሲደርሱ ኦቦ ጫምሳ ልጓሙን እንደያዙ ቀሩ። «እኔ የሰጠሁ ሰው ነኝ። የሚመለስበትን ምክንያት አንቺ ተናገሪ።»

በየበሩ ተናገረች። አንዷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። አንዱ ግማሹን በልተነዋል ብሎ የቀረውን አመጣ። ጋዲሳ የሚባለው አናጢ ግን ከረጢቱን ከመመለሱ በፊት ጠየቃት።

«የኔ መርፌስ ያን ቀን የት ነበር?»

«ፍሪጁ በር ላይ። አልነካሁትም።»

ጋዲሳ ከረጢቱን አቀበላትና «ማታ መጥቼ እወስደዋለሁ» አለ።

የመጨረሻው የአደ ሩቂያ ቤት ነው። ዛኪር አጨዳው ላይ ስለነበር ለነሱም ደርሷቸዋል። ፎዚያ እዚህ በር ላይ ሁለት ጊዜ ጀምራ አቋረጠች። አደ ሩቂያ እስክትጨርስ ጠበቋት።

«ለኛ ብለሽ ነው ያወጣሽው?»

«የሞቀ ማቅረብ አፍሬ ነው።»

«እኔ እኮ ቀዝቃዛ አልጠጣም» አሉ። «ጥርሴን ያመኛል። ያን ቀን እስኪሞቅልኝ ጠርሙሱን አቅፌ ነው የተቀመጥኩት።»

ስለ ሃፍሳና ስለ ዛኪር ምንም አላሉም። ከረጢቱን ከነማሰሪያው አውጥተው ሰጧት፤ ተሸክማ ጋሪው ላይ ጫነችው።

«ቶሌ፣ እሺ እንመለስ» አሉ ኦቦ ጫምሳ፤ ፈረሱን ወደ ሱቁ አዞሩ።

ጋዲሳ ቀድሞ ደርሷል። መርፌውን ቤቱ የሚያቀዘቅዝበት፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የሸክላ ማሰሮ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ፎዚያ ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ፍሪጁን ከፈተችለት።