የሐሊማ ተራ

ልጅ ሳለሁ መተማ ላይ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ጎጆ ነበረን፤ አንዱ የእናቴ የዘሀራ፣ አንዱ የጣውንቷ የሐሊማ። በመካከላቸው አባቴ ያቆመው የማሽላ አገዳ አጥር ነበር። አገዳው በደረቀ ቁጥር ስለሚሳሳ ከወዲያ የሚነደው ኩበት ጭሱ፣ የሚቁላላው ሽንኩርት ሽታው፣ የሚሳቀውም ሳቅ ምንም ሳይጎድል እኛ ቤት ይገባል። እናቴ አጥሩን እንዲያጠብቀው አባቴን ትጨቀጭቀዋለች፤ ሲያጠብቀው ደግሞ ማዶ የሚወራው አልሰማ ሲላት በእንጨት ትቦረቡረዋለች።

አባቴ ነጋዴ ነበር። ሰሊጥና ሙጫ በግመል ጭኖ ድንበር ተሻግሮ ገዳሪፍ ይወስዳል፣ ስኳርና አቡጀዲ ይዞ ይመለሳል። አገር ቤት ሲሆን እንደ ሃይማኖታችን ደንብ ተራ ጠብቆ ያድራል፤ አንድ ሌሊት እኛ ዘንድ፣ አንድ ሌሊት እነሐሊማ ዘንድ። በሐሊማ ተራ እናቴ «ሆዴን ነፋኝ» ብላ እራት ሳትቀምስ ትተኛለች። እኔ ያኔ ገና ጥርሴን እየቀየርኩ የነበርኩ ልጅ ብሆንም ሆዷን የነፋት ምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ እኔንም ይነፋኝ ነበርና።

የእኔ ቅናት ግን በአባቴ አልነበረም፤ በሐሊማ እናት ነበር። ሐሊማ ስታገባ እናቷን ይዛ ነው ግቢያችን የገባችው። ሁላችንም «ሐቦባ» እንላቸዋለን፤ ሱዳኖች አያታቸውን የሚጠሩበት ስም ነው። ሐቦባ ተክሩር ከሚባሉት ወገን ናቸው። ወላጆቻቸው ከፀሐይ መግቢያ፣ ስሙን እንኳ ከማናውቀው አገር፣ ለሐጅ ብለው በእግራቸው ተነሥተው፣ ስንቅ ሲያልቅባቸው የሰው ማሳ እያረሙ፣ እሳቸውንም መንገድ ላይ ወልደው መተማ ሲደርሱ ጉልበታቸው አለቀ። «ቀረን ማለት አይደለም፣ መንገድ ላይ ነን» ይላሉ ሐቦባ፣ ዕድሜ ልካቸውን ከመተማ ንቅንቅ ሳይሉ።

ማታ ማታ ቢንቢ እንዲያባርር የተለኮሰው ኩበት ሲጨስ፣ በሰባራ ገል ላይ የሰሊጥ ዘይት የጠጣች የጥጥ ክር እየተንቀጠቀጠች ስታበራ፣ ሐቦባ ተረት ይጀምራሉ። ነቢዩ ዩኑስ በዓሣ ሆድ ውስጥ፣ ነቢዩ ኢብራሂም በእሳት መካከል፤ ሁሉም አንድ ጭንቅ ውስጥ ገብቶ ከአላህ በቀር ተስፋ ያጣ ሰው ነበር። ሐሊማ፣ ያቺ ባል ያላት፣ ጡት የሚጠባ ልጅ ያላት ትልቅ ሴት፣ ራሷን እናቷ ጭን ላይ ጥላ ትሰማለች፤ ሐቦባም እያወሩ ጸጉሯን ዘይት ይቀቧታል። እኔ ከፍሙ ማዶ ተቀምጬ ያን ጭን አያለሁ። የእናቴ እናት ሳልወለድ ነው የሞተችው። ታሪኩ ለሁላችንም ይወራል፤ ጭኑ ግን የሐሊማ ነበር፣ እኔም በዚያ ጭን ምክንያት እርር ድብን እል ነበር።

እናቴ እንዳልሄድ አትከለክለኝም። ስመለስ ግን መደቡ ላይ ዓይኗን አፍጣ ትጠብቀኛለች። «ምን አሉ?» ትላለች። ዩኑስ ከዓሣው ሆድ ወጣ ስላት «እሱን ተዪው፤ ስለ እኔ ምን አሉ?» ትለኛለች።

ጣሊያን አገሩን ከያዘ ጥቂት ዓመት አልፎ ነበር። አንድ ጊዜ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ጣሊያንና እንግሊዝ ሊዋጉ ነው የሚል ወሬ ገበያውን ሞላው። በእንግሊዝ እጅ ያለችው ገላባት ከእኛ የምትለየው ዝናብ ሲጥል ብቻ ውሃ በሚወርድበት አንድ ኾር ነው፤ ትናንት ጨው ልንገዛ የምንሻገርባት መንደር ባንድ ጊዜ የጠላት አገር ሆነች። አባቴ ገዳሪፍ ያስቀመጠው ዕቃ እንዳይወረስበት ጎሕ ሳይቀድ ግመሎቹን ነድቶ ተሻገረ። ወዲያው ድንበሩ ተዘጋ። የተነሣው ከሐሊማ ቤት ነበር፤ ተራው የእሷ ነበርና።

እናቴ መሄዱን ያወቀችው ጠዋት የግመሎቹን ማሰሪያ ባዶ ስታገኘው ነው። ምን ብሎ እንደሄደ ሐሊማን ጠይቂያት ብላት «እኔ የፊተኛዋ ሚስት ነኝ፤ እሷ መጥታ ትንገረኝ እንጂ እኔ ደጇን አልረግጥም» አለችኝ። ሐሊማ አልመጣችም።

ዝናቡ ከጠና በኋላ አንድ የጣሊያን መኮንን አስተርጓሚና አስካሪ የሚባሉ ቅጥር ወታደሮች አስከትሎ ግቢያችን ገባ። ባላችሁ እንግሊዝ ዘንድ ነው፣ ሰላይ ነው ተባልን። ያከማቸነውን ሰሊጥ አስወጡ፣ ላማችንን ፈቱ። ከዚያ አስተርጓሚው ሁለቱን ሴቶች ዝናብ ላይ አቁሞ «ሲሄድ ምን ብሏችሁ ሄደ?» ሲል ጠየቀ።

እናቴ ስንት ቀን በሆዷ ሲብላላ የከረመው ነገር ሳታስበው ከአፏ ወጣ። «እኔ ምን አውቄ! ያደረው እሷ ቤት ነው፤ እሷን ጠይቋት» አለች። ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች፤ ግን የወጣ ቃል አይመለስም። ሁሉም ወደ ሐሊማ ዞሩ። ሐሊማ ልጇን እንዳዘለች፣ ውሃው ከሻሿ እየወረደ፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ «ለአላህ ሰጥቻችኋለሁ ብለው ሄዱ። ሌላ ያሉት የለም» አለች። አስተርጓሚው ሲተረጉምለት መኮንኑ ሳቀ። እንግዲያው አላህ ያብላችሁ ብሏል አለን አስተርጓሚው፤ ሰሊጡን ጭነው፣ ላሟን ነድተው ሄዱ።

በዚያ ማታ እናቴ ስለ ሰሊጡም ስለ ላሟም አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። «ለአላህ ሰጥቻችኋለሁ» እያለች ብቻ በጨለማ ትብሰለሰላለች። «ለእሷ ብሎ! እኔ ከአጥር ማዶ ተኝቼ!» በሕይወቷ እንደዚያን ቀን የቀናችበትን ቀን አላስታውስም። ሰው በወርቅ ይቀናል፣ በልብስ ይቀናል፤ እናቴ የቀናችው በአንድ ስንብት ነበር።

ያም ሆኖ ያ ቃል ክረምቱን ሁሉ አኖረን። ማሽላው ሲያልቅ፣ ከማሳ ዳር የለቀምነውን የኩድራ ቅጠል በጨው ብቻ ቀቅለን ስንበላ፣ ጎረቤት ባልሽ ሞቷል የሚል ወሬ ሲያመጣ፣ ሐቦባ «አደራው ተሰጥቷል፣ ተቀባዩም አይተኛም» ይላሉ። ሐሊማ ዝም ትላለች። እናቴም፣ እሷን እያየች ብትነድም፣ ከሶላት በኋላ እጇን ዘርግታ «ያስረከበን ለአንተ ነው» ስትል እሰማት ነበር።

ከዚያ አንድ ማታ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ሐቦባ የእናታችንን የሐጀርን ታሪክ አወሩ። ነቢዩ ኢብራሂም ሐጀርን ከሕፃኗ ጋር ውሃ ወደሌለበት፣ ሰው ወደማይደርስበት ሸለቆ ወሰዷት። ለምን እንደወሰዷት ሐቦባ ዘለሉት፤ የፊተኛዋ ሚስት ቅናት ነው የሚሉ አሉና፣ አጥሩም ጆሮ እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። ኢብራሂም ትንሽ ተምርና አንድ አቁማዳ ውሃ አስቀምጠው ጀርባቸውን ሰጥተው ሄዱ። ሐጀር ከኋላ እየተከተለች «ለማን ትተኸን ነው?» ትላለች፤ ዝም። ደግማ ትጠይቃለች፤ ዝም። «አላህ ነው ወይ ያዘዘህ?» ስትል «አዎን» አሏት። «እንግዲያው እሱ አይጥለንም» ብላ ተመለሰች አሉ ሐቦባ፣ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ።

ድንገት ከአጥሩ ወዲያ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ለሐጀርማ ነገሯት! ጠየቀች፣ ተመለሰላት። መልስ ያገኘ ሰው ማመን ምን ያቅተዋል?»

ሁላችንም ደነገጥን። ሐቦባ «ዘሀራ ልጄ፣ አንቺም እኮ ከእኛው ነሽ፤ ነዪ እሳት ዳር ተቀመጪ» አሉ። እናቴ አልመጣችም። ሐሊማ እናቷ ጭን ላይ እንደተኛች ነበረች፤ ዓይኖቿ ግን ፈጠው ሣር ክዳኑን ያያሉ። ታሪኩ ሳይጨረስ ማታው አለቀ።

በጥቅምት መጨረሻ ዝናቡ ቆሞ ሣሩ ሲደርቅ ጦርነቱ ፈነዳ። የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መተማን ደበደቧት፤ ሰዉ ልጁንና ፍየሉን እየጎተተ ወደ ሽንፋ አቅጣጫ ጫካ ገባ። እኛም በአንዲት አህያ ሐቦባን ጭነን አንድ ግራር ሥር ሰፈርን። አጥር የሚባል ነገር የለም፤ እናቴና ሐሊማ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ተኙ።

ብዙም ሳይቆይ እናቴን ንዳድ ጣላት። ቀን ትነዳለች፣ ማታ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ሐሊማ ከሩቅ ውሃ ቀድታ ትመጣለች፣ ጨርቅ አርሳ ግንባሯ ላይ ታደርጋለች፤ እናቴ ጨርቁን አንሥታ ትወረውረዋለች። «ከእሷ እጅ አልጠጣም» ትላለች። እኔ ሳጠጣትም ማን እንደቀዳው ጠይቃ አፏን ትገጥማለች። ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ። ልትሞትብኝ መሆኑን ያኔ ነው የገባኝ፤ ጠላቴ ጣሊያን ይሁን፣ ንዳዱ ይሁን፣ ሐሊማ ትሁን፣ ወይስ የእናቴ የገዛ አንጀት ይሁን መለየት አቃተኝ።

አንድ ቀን ወደ ማታ፣ ፀሐዩ ዘቅዘቅ ሲል፣ እናቴ በትኩሳቱ ውስጥ «ለእሷ ነግሯት ሄደ። እኔንስ ለማን ሰጠኝ?» አለች። ሐሊማ የያዘችውን ቅል መሬት አስቀመጠች።

«እትዬ ዘሀራ» አለች፣ «እኔንም አልነገሩኝም።»

እናቴ ዓይኗን ገለጠች።

«ወላሂ አልነገሩኝም። ስነቃ መኝታው ቀዝቅዟል። ለዚያ አስተርጓሚ ያልኩት ከራሴ ነው። ምን ልበል? ምንም አላሉኝም ብል ደብቀሽ ነው ብለው ሊወስዱኝ!»

«ታዲያ ለእኔ ምነው ዝም አልሽ?»

ሐሊማ መሬቱን በጣቷ ጫረች። «ቀንቼ ነው» አለች። «እርስዎ ስንት ዓመት አብረዋቸው ኖረዋል። የሁሉንም ነገር መጀመሪያ የወሰዱት እርስዎ ነዎት። እኔ የነበረችኝ ያቺ የመጨረሻ ሌሊት ናት። እሷንም ባዶ ነበረች ብዬ ለእርስዎ ልናገር?»

«ተኝተሽ እያለሽ ሄደ?» አለች እናቴ።

«ተኝቼ እያለሁ።»

እናቴ ፊቷ መለዋወጥ ሲጀምር የምታለቅስ መስሎኝ ተጠጋሁ። ሳቀች። ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ ጎኗን ይዛ ሳቀች። «እንዲህ ከሆነማ» አለች፣ «ለአላህ የሰጠሽን አንቺ ነሻ!»

ተኝተዋል ያልናቸው ሐቦባ ከአህያዋ ኮርቻ አጠገብ ሆነው «እሱም ተቀብሏል፤ ይኸው አለን አይደል» አሉ።

እናቴ እጇን ወደ ቅሉ ዘረጋች። ሐሊማ የእናቴን ራስ ቀና አድርጋ ጭኗ ላይ አስደግፋ አጠጣቻት። እኔ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ እናቴን ያዳናት ጭን የእኔ ባለመሆኑ አንጀቴ ቅጥል አለ።

ጣሊያን ሲሸሽ ወደ መተማ ተመለስን። ጎጆዎቻችን አመድ ሆነው ነበር። አዲስ ሁለት ጎጆ ሠራን፤ እናቴም ዕለቱን በመካከላቸው አጥር አስቆመች። እህትማማች ሆኑ ብል እዋሻለሁ፤ በዶሮ ይጣላሉ፣ በውሃ ተራ ይጣላሉ፣ በሰላምታ ሳይቀር በአሽሙር ይነካከሳሉ። አባቴ አልተመለሰም። አንዱ ሞተ ይለናል፣ አንዱ ገዳሪፍ ላይ ሌላ አግብቶ አየሁት ይለናል፤ በዚህ ወሬ ላይ ሁለቱ ሴቶች አንድ ላይ ነበር የሚቀኑት። ሐቦባም ጊዜያቸው ደርሶ፣ ፊታቸውን ወደ መካ አዙረን ቀበርናቸው።

እኔ ራቅ ብላ ወዳለችው ሸሕዲ ተዳርኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ እናትሽ ታማለች የሚል መልእክት ደርሶኝ ስበር ብመጣ፣ የእኛ ሰው ሬሳ አያሳድርምና ቀብረዋት ደረስኩ። ራስጌዋ የነበረችው ሐሊማ ናት። እኔ እንደ እናቴ አልኮራሁም፤ ገና ከደጅ «ምን አለች?» ብዬ ጮኽኩ።

«ምንም አላለችም ልጄ» አለችኝ ሐሊማ። «እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ነው የሄደችው።»

አላመንኳትም። እናቴ በሕይወቷ ሳትናገር ያሳለፈችው ነገር የለም፤ ሞቷን እንዴት በዝምታ ታሳልፋለች? አንዳንዴ ሐሊማ ቃሉን ለራሷ አስቀርታው ይሆናል እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ እውነቷን ከሆነስ፣ ለባዕድ ወታደር የፈጠረችውን ያህል ለእኔም አንድ ቃል ብትፈጥርልኝ ምን ነበረበት እላለሁ፤ ተቀብዬ እኖርበት ነበር።

አሁን አርጅቻለሁ። በአላህ መመካት ሲባል እሳት ውስጥ የገቡት፣ ባሕር የተከፈለላቸው ቀድመው አይመጡልኝም፤ የሚመጡልኝ ማንም ምንም ሳይነግራቸው፣ አንዷ በፈጠረችው ቃል ክረምት የተሻገሩ ሁለት ቀናተኛ ሴቶች ናቸው። እኔም መልስ ሳላገኝ እጄን እዘረጋለሁ፣ እናቴን አደራ እላለሁ፣ ልቤም ያርፋል። ዱዓዬን ጨርሼ ስነሣ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በሐሊማ እቀናለሁ። እሷ እዚያ ነበረች።