የአርብ ኮሶ

ተማሪ ቤታችን የጤና ክበብ ሲያቋቁም ፈቃደኛ ነህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ዲሬክተሩ በጣታቸው ጠቆሙኝ፣ እኔም ፈቃደኛ ሆንኩ። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን፣ ቦታው አርብ ገበያ ነው። ሥራችን የክሊኒኩ ድሬሰር ያስተማረንን ለእኩዮቻችን ማስተማር ነበር፤ ጥፍር ቁረጡ፣ ፊታችሁን ታጠቡ፣ እግራችሁን አትርሱ። አስተማሪ ሲናገረው ዝም ብለው የሚሰሙት ልጆች፣ እኔ ስናገረው መጀመሪያ የእኔን ጥፍር ለማየት ይጠይቁ ነበር። እውነቱን ለመናገር የሚታይ ጥፍር አልነበረም።

እንዲህ እያልን ስንኖር ድሬሰሩ የኮሶ ትልን የሚያሽር ክኒን መጣ አለን። መከራችን የጀመረው ያኔ ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ጓሮ ሲመላለስ ስለሚውል ከሥራም ከትምህርትም ነጻ ነው፤ ኮሶ ጠጥቻለሁ ያለውን ማስረጃ አምጣ የሚለው የለም። በእኛ ተማሪ ቤት ደግሞ ኮሶ የሚጠጣው አርብ አርብ ነበር። አርብ የጾም ቀን ነውና ደህና ሰው ኮሶውን ለዚያ ቀን አይመርጥም፤ ግን የገበያም ቀን ነው። ከፋሲካ ወዲህ ሥጋ ያልቀመሰው ልጅ ሁሉ አርብ ሲደርስ ትሉ ይነሳበታል።

ከሁሉም የባሰው ኮሶ ጠጪ አብሮኝ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው የስማዳ ልጅ ነበር። እናቱ አርብ አርብ ከአገራቸው ገበያተኞች ጋር አህያዋን እየነዳች፣ ስንቁን ተሸክማ ትመጣለች። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ እኩለ ቀን ሳይሆን መመለስ አለባት፤ የተማሪ ቤቱ በር ደግሞ እስከዚያ ሰዓት ዝግ ነው። ስንቁንስ አከራያችን ትቀበልለታለች። እናቱ ግን ፊቱን ሳታይ ከተመለሰች ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የላትም። ታላቁን ልጇን እሷ ሌላ አገር ሄዳ ሳለ ኩፍኝ ወስዶባታል።

እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ክበባችን አንድ ፍሬ ያሳይ ብዬ ክኒኑን በሰልፍ ላይ በሁሉም ፊት ዋጥሁት። ልጆቹ መቼ ብድግ ብሎ ይሮጣል እያሉ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቁኝ ዋሉ፤ በቆሎ የተወራረዱም ነበሩ። እኔ ግን አንዴም ሳልነሳ ሒሳቤን ስሠራ ዋልሁ። በጤንነቴ እንደዚያ ቀን የተጠላሁበት ጊዜ የለም።

በማግስቱ ዲሬክተሩ ከእንግዲህ ትል ያለበት ክኒኑን ውጦ ክፍሉ ይግባ፣ የኮሶ ፈቃድ ቀርቷል ብለው አወጁ። ጓደኛዬ እስከ ቤታችን ቀድሞኝ ሄደ። እራታችንን ስናቀርብ፣ «አርብ ስታጣኝ እናቴ ታመመ ትላለች» አለ። የቆረስሁትን መልሼ ሌማቱ ላይ አኖርሁት፤ እሱም ቢሆን የእናቱ እንጀራ ነበር።

ስለዚህ ዲሬክተሩ ዘንድ ገባሁ። እኛ በግቢያችን ስንማር የገበያው ሕዝብ በኮሶ አንጀቱን ሲያቃጥል ይኖራል ወይ አልኳቸው። ክበቡ አርብ ጠዋት ገበያ ወጥቶ ያስተምር፤ የስማዳ ገበሬ የስማዳን ልጅ ይሰማልና ተናጋሪው ጓደኛዬ ይሁን አልኩ። በጣም ደስ አላቸው። ደስ ከማለታቸውም የተነሣ እኔም መጥቼ አያለሁ አሉ፤ እናቱም እዚያ እንደምትሆን ግን አልነገርኋቸውም ነበር።

አርብ ደረሰና ጓደኛዬ እህል ተራ መካከል ድንጋይ ላይ ቆመ። ዲሬክተሩን ከመፍራቱ የተነሣ ግሩም አድርጎ አስተማረ። እናቱ ስንቁን ታቅፋ ከፊት ቆማለች። ስለ ክኒኑ አንዲት ቃል የሰማች አትመስልም፤ ጉንጩን፣ አንገቱን፣ ባቱን ነበር የምትመረምረው። ሲጨርስ ዲሬክተሩ እንደ ደንባቸው ጥያቄ ያለው ይጠይቅ አሉ። ሴትዮዋ ነጠላዋን ዝቅ አደረገች።

«ኮሶውንስ ተውኸው እንበል፤ እንግዲህ አርብ አርብ ምን ብለህ ልትመጣልኝ ነው፣ ልጄ?»

ጓደኛዬ ከድንጋዩ ላይ ወረደ። እኔ ለአለንጋው መዳፌን በልቤ አዘጋጀሁ። ዲሬክተሩ ሴትዮዋን አዩ፣ በአቧራ የነጣ እግሯን አዩ፣ ቀጥለውም ወደ እኔ ዞረው ረጅም ጊዜ ተመለከቱኝ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁላት።

«እናቴ፣ ሕዝቡ ትምህርቱ ገና አልገባውም» አሏት። «እስኪገባው ድረስ ይህ ልጅ አርብ አርብ እየመጣ ማስተማር ይኖርበታል።»

እጅ ነሳቻቸው።

«እኔማ ነገር ቶሎ አይገባኝም፣ ጌታዬ» አለቻቸው።